አሥራ ሁለት ቀን በቱኒስ

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል የአገራችን ሰው። አንዳንድ ሠዓሊዎች ግን ያላዩትን አገር ሲናፍቁ ኖረው፣ አንድ ቀን ሄደው ያገኙታል። ቢያንስ የሥነ ጥበብ መጻሕፍት ታሪካቸውን የሚተርኩልን እንዲህ አድርገው ነው። ከእነዚህ ትረካዎች ሁሉ በጣም የታወቀው የፓውል ክሌ የቱኒዚያ ጉዞ ነው። በአፕሪል 1914 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሦስት ሠዓሊዎች ከማርሴይ ወደብ ተሳፍረው ቱኒስ ወረዱ። ክሌ እዚያ የቆየው አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነው። እንደ ትረካው ከሆነ፣ በጥቁርና በነጭ ብቻ የሚሠራ ሰው ሄዶ የቀለም ሰው ሆኖ ተመለሰ።

ደስ የሚል ታሪክ ነው። ችግሩ ሲደጋገም ጉዞን እንደ ጠበል ማስቆጠሩ ነው፤ ገብተህ ትነከራለህ፣ ድነህ ትወጣለህ። እኛ ዘንድ ደግሞ የዚሁ ታሪክ ግልባጭ አለ። የኛ ልጅ አውሮፓ ሄዶ አዲስ ቀለም ይዞ ከመጣ «ተበላሽቶ መጣ» ይባላል። ሁለቱም ወገኖች፣ አድናቂውም ነቃፊውም፣ የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ቀለም እንደ ዕቃ ከአንዱ አገር ተገዝቶ ወደ ሌላው የሚጫን ነው ብለው ያምናሉ። የክሌን አሥራ ሁለት ቀን ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም።

ክሌ በ1879 በርን ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ የሙዚቃ መምህር ነበሩ፤ እሱም ገና በልጅነቱ ቫዮሊን አሳምሮ ይጫወት ነበር። ሙዚቃን ትቶ ሥዕል ለመማር ሙኒክ ሄደ። ከዚያም ጣሊያን ሄዶ ከረመ። ልብ በሉ፣ ጣሊያን ማለት ፀሐይ አለ፣ ባሕር አለ፣ የብርቱካን ዛፍ አለ፤ የሰሜን አውሮፓ ሠዓሊ ሁሉ ለብርሃን የሚሄድበት አገር ነው። ክሌ ከጣሊያን ተመልሶ ምን ሠራ? ከ1903 እስከ 1905 ድረስ በብረት ሳህን ላይ እየተቀረጹ የሚታተሙ፣ ቀለም የሚባል ነገር ያልነካቸው፣ መራራ ፌዝ የሞላባቸው ሥዕሎች! ጉዞ በራሱ ቀለም የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ያኔ ይሰጠው ነበር።

ካገባ በኋላ ሙኒክ ኖረ። ሚስቱ ሊሊ ፒያኖ እያስተማረች ቤቱን ታስተዳድራለች፤ እሱ በ1907 የተወለደውን ልጃቸውን ያሳድጋል፣ ምግብ ያበስላል፣ እዚያው ማዕድ ቤት ውስጥ ይሥላል። በእነዚያ ዓመታት ቀለምን ፈርቶ የሸሸ ሰው ይመስላል። ነገር ግን ሥራውን ሲያዩት የሚያጠናው ያንኑ የሸሸውን ነገር ነው። ጥቁሩን በውሃ እያቀጠነ፣ አንዱን ስስ ንብር በሌላው ላይ እየደረበ፣ ከነጭ ወደ ጥቁር የሚወስደውን መንገድ ደረጃ በደረጃ ይለካል። ሙዚቀኛ ሚዛኑን ሲለማመድ እንደማለት ነው። በ1911 እና በ1912 የቮልቴርን «ካንዲድ» በሥዕል ሲያጅብም ከጥቁር መስመር በቀር የተጠቀመው ነገር የለም። እንደ ክር የቀጠኑ፣ የሚንቀጠቀጡ ሰዎች ናቸው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ያንን መጽሐፍ ለተማሪዎቼ ባነሣሁ ቁጥር፣ ከክሌ ሥዕሎች ይልቅ ለቮልቴር ሳቅ የሚቀርብ ማብራሪያ አላጋጠመኝም። ለነገሩ ይሄ ሌላ ጨዋታ ነው።

በ1912 ፓሪስ ሄዶ ሮቤር ደሎኔን አገኘው። ደሎኔ የቀለምን ጉዳይ እንደ እምነት የያዘ ሰው ነበር፤ ሥዕል ዕቃን መምሰል አይጠበቅበትም፣ ቀለም ከቀለም ጋር ሲጎራበት በሚፈጥረው እንቅስቃሴ ብቻ ሊቆም ይችላል የሚል። ክሌ የደሎኔን ስለ ብርሃን የተጻፈ አጭር ድርሰት ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞ በ1913 መጀመሪያ ላይ በበርሊን «ደር ሽቱርም» መጽሔት አሳተመው። እንግዲህ ከቱኒስ አንድ ዓመት ከምናምን በፊት ሰውየው ስለ ቀለም የሚባለውን ሁሉ ያውቃል፣ እንዲያውም ቃል በቃል ተርጉሞታል። የጎደለው እጁ ነው። ማወቅና እጅ ማግኘት እንደሚለያዩ ማንም አስተርጓሚ ያውቀዋል፤ የሰውን ዓረፍተ ነገር ከነሙሉ ትርጉሙ ተረድተኸው በራስህ ቋንቋ ግን አፍህ አልፈታ ይልሃል።

የሚያስገርመው፣ ክሌ ከመሄዱ ዘጠኝ ዓመት አስቀድሞ እዚያው ቱኒስ የሄደ ሌላ ታላቅ ሠዓሊ ነበር። ካንዲንስኪ ነው፤ የረቂቅ ሥዕል አባት ከሚባሉት አንዱ። ከ1904 መጨረሻ እስከ 1905 ጸደይ ድረስ ከሠዓሊቷ ጋብሪየሌ ሙንተር ጋር ሦስት ወር ያህል ኖሮባታል። ያው ፀሐይ ነው፣ ያው ነጭ ግድግዳ ነው። ካንዲንስኪ ግን እዚያ ሆኖ የሠራቸው ሥዕሎች እንደ ተረት መጽሐፍ ሥዕል ያሉ፣ በጠቆረ ወረቀት ላይ ያረፉ የገበያና የበዓል ትዕይንቶች ናቸው። ቀለሙ የፈነዳው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ ሙርናው በምትባል የባቫሪያ መንደር ነው። ላሞችና የቤተ ክርስቲያን ማማ ባሉበት! ሦስት ወር ለአንዱ አልበቃም፣ አሥራ ሁለት ቀን ለሌላው ተረፈ።

ወደ ጉዞው እንመለስ። የክሌ ጓደኞች ጀርመናዊው አውጉስት ማከ እና ስዊዘርላንዳዊው ሉዊ ሙዋዬ ናቸው። ክሌ ገንዘብ አልነበረውም፤ ወጪውን የቻለለት የበርን ከተማ አንድ መድኃኒት ቀማሚ ነው፣ በምላሹ ሥዕል ሊቀበል። አፕሪል 7 ቱኒስ ደረሱ። ማረፊያ ያዘጋጀላቸው ሙዋዬ የሚያውቀው፣ እዚያ የሚኖር የአገራቸው ሰው የሆነ ሐኪም ነው። ሐኪሙ ከከተማ ወጣ ብሎ ባሕር ዳር ቤት ነበረው፤ ፋሲካን እዚያ ዋሉ፣ የመመገቢያ ክፍሉንም ግድግዳ ሥዕል ሣሉበት። ከዚያ ሲዲ ቡ ሰዒድ፣ ከዚያ ሐማመት፣ በመጨረሻ በባቡር ወደ ካይሩዋን።

ማከ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነው፤ ሲበላም ሲስቅም ሲሥልም አይጠግብም። በእነዚያ ቀናት ከሦስቱ ይበልጥ የበራው እሱ ነው። በውሃ ቀለም የሠራቸው የቱኒዚያ ሥዕሎች፣ ቢጫ ላይ ያረፈ ሰማያዊ ጥላ፣ ነጭ ግድግዳ አጠገብ የቆመ አህያ፣ ከሣላቸው ሁሉ ምርጥ ከሚባሉት ናቸው። እውነቱን ለመናገር አሥራ ሁለቱን ቀናት ብቻ ብንለካ አሸናፊው ማከ ነው። ክሌ ቀስ ይላል። ያያል፣ ጥቂት ይሠራል፣ ማታ ማስታወሻውን ይጽፋል።

ያ ማስታወሻ ነው ዝነኛውን ትረካ የፈጠረው። አፕሪል 16 በካይሩዋን ምሽት ላይ፣ ቀለም ራሱ መጥቶ እንደያዘው፣ ከእንግዲህ እያሳደደ ሊፈልገው እንደማያስፈልግ፣ እሱና ቀለም አንድ እንደሆኑና ሠዓሊ እንደሆነ ጽፏል። በዓለም ላይ ያለ የሥዕል ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ምንባብ ነው። የማስታወሻውን ቅጂዎች ያጠኑ ሰዎች ግን በኋላ አንድ ነገር አሳዩ፤ ክሌ ማስታወሻውን ከዓመታት በኋላ፣ ስሙ ከገነነ ወዲያ፣ እያረመና እያስተካከለ እንደገና ገልብጦታል። ታዲያ ያ ምሽት ውሸት ነው? እኔ አይመስለኝም። ሰው የሕይወቱ መታጠፊያ የቱ ጋ እንደነበረ የሚያውቀው ካለፈው በኋላ ነው። ግን ታሪኩ በሠዓሊው በራሱ እጅ የተደራጀ መሆኑን አውቀን ብናነበው ይሻላል። የማስታወሻ ደብተርም ድርሰት ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ይበልጥ ይነግረናል። ቀለም አገኘሁ ያለ ሰው እዚያው ቁጭ ብሎ ይሠራል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ክሌ ግን ጓደኞቹን ትቶ አፕሪል 19 ብቻውን ተነሣ። ጠገብኩ ነው ነገሩ። ያየውን እንዳይበዛበት ይዞ ወደ ሥራ ጠረጴዛው ለመሮጥ ነው የቸኮለው። በሲሲሊና በጣሊያን አቋርጦ ወሩ ሳያልቅ ሙኒክ ገባ።

አሁን ሥዕሎቹን እንያቸው። የቱኒዚያ ሥዕሎቹ ትንንሾች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከደብተር ገጽ ብዙም አይበልጡም። ሐማመትን ከነመስጊዷ የሣለበትን እንውሰድ፤ አሁን ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። ከላይ ማማው፣ ግንቡና ሰማዩ አሉ፤ የት እንዳለህ ታውቃለህ። ወደ ታች ስትወርድ ግን የአትክልት ቦታው ቀስ በቀስ ወደ ሮዝ፣ ወደ ቀይና ወደ አረንጓዴ ቁራጮች ይፈርሳል። መሬት ነው ወይስ ቀለም ብቻ? አንድ ወረቀት ላይ ከላይ ጉዞ አለ፣ ከታች ረቂቅ ሥዕል አለ። ቀለሙን የቀባው በሳሳ ውሃ ነው፤ ከሥር ያለው የወረቀቱ ነጭ እየታየ ብርሃኑን ይሰጣል። ይሄ ደግሞ ያ የማዕድ ቤት ልምምድ ነው፣ ንብር በንብር ላይ። ድሮ በጥቁር ያደርገው የነበረውን አሁን በሮዝና በሰማያዊ አደረገው። የካሬዎቹ አደራደር ከደሎኔ ነው፤ የከተማዋ ጠፍጣፋ ጣሪያና አራት ማዕዘን ግንብ ደግሞ ያንን አደራደር ከመጽሐፍ አውጥቶ ዓይኑ ፊት አቆመለት። የከተማውን አሠራርና የሥዕሉን አሠራር ማዋሐድ ላይ እንደተጠመደ ራሱ መዝግቧል።

ከሁሉ የምወደው ግን የአንዱን ሥዕል ርዕስ ነው። በዚያው በ1914 ሙሉ በሙሉ ረቂቅ የሆነ፣ ካሬና ክብ ብቻ ያለበት የውሃ ቀለም ሥዕል ሠራና «በካይሩዋን ስልት፣ ወደ መጠነኛው የተሻገረ» አለው። የጀርመንኛው ቃል «መጠነኛ» ሲል ረጋ ያለ ማለቱም ነው፣ እንደ አውሮፓ ያለውን ሙቀቱ መካከለኛ የሆነ አየር ማለቱም ነው። ይሄ የአስተርጓሚ ማስታወሻ እኮ ነው! ክሌ የቱኒዚያን ፀሐይ ይዤላችሁ መጣሁ አላለም። ያየሁትን ወደምኖርበት አየር መለስኩት ነው ያለው። ጥሩ አስተርጓሚ ሥራው ላይ ስሙን ጽፎ፣ ከየት ወደየት እንደተሻገረ ተናግሮ ነው የሚያልፈው። ግመልና ቴምር ቀብቶ «ምሥራቅ» ብሎ መሸጥ በዚያ ዘመን ገበያ ነበረው፤ ብዙ አውሮፓውያን በዚያ ኖረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ደስ አይለኝም። ቱኒዚያ ከ1881 ጀምሮ በፈረንሳይ ሞግዚትነት ሥር ነበረች። ሦስቱ ሰዎች በቀላሉ ገብተው፣ በባቡር ተዘዋውረው፣ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው መሣል የቻሉት ያ ስለነበረ ጭምር ነው። በክሌ ሥዕሎች ውስጥ የቱኒዚያ ሰው እምብዛም አይታይም፤ ጉልላት፣ በር፣ አትክልት፣ ጨረቃ ነው ያለው። ባለአገሩ ስለዚያ ብርሃን ምን ይል እንደነበር ከሥዕሎቹ አንሰማም። ይሄን ማንሣቴ ሥዕሎቹን ለማሳነስ አይደለም፤ ጉዞ ቀለምን ለወጠ ሲባል መጓዝ የሚችለው ማን እንደነበር አብሮ እንዲታወስ ነው።

ጦርነቱ በዚያው በጋ ተነሣ። ማከ ቱኒዚያን ካየ ስድስት ወር ሳይሞላው፣ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1914፣ ሻምፓኝ ግንባር ላይ ተገደለ። ሌላው የቅርብ ወዳጁ ፍራንዝ ማርክ በማርች 1916 ቬርደን ላይ ወደቀ። ክሌም በዚያው ወር ለውትድርና ተጠራ። ጦር ሜዳ አልደረሰም፤ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የአውሮፕላኖችን ክንፍ ቀለም እንዲቀባና ቁጥር እንዲጽፍ ተመደበ። ቀለም ያዘኝ ያለው ሠዓሊ የጦር አውሮፕላን ቀለም ቀቢ ሆነ፤ ከአውሮፕላኑ ጨርቅ ቅዳጅ እየወሰደም ይሥልበት ነበር። በ1919፣ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ የቱኒዚያና የደቡብ አትክልት ቦታዎች የሚላቸውን ሥዕሎች ሲሠራ ቀይና ሮዝ ካሬዎቹ ከአምስት ዓመት በፊት ከነበሩት ይልቅ የጠነከሩ ናቸው። ቦታው ከራቀ በኋላ ነው ቀለሙ የጎለመሰው።

በ1928 መጨረሻ፣ አሁን በባውሐውስ ትምህርት ቤት የታወቀ መምህር ሆኖ፣ ግብፅን ለማየት ሄደ፤ ከአባይ ዳር አንድ ወር ያህል ቆየ። እዚያ ሳለ የሠራው እፍኝ አይሞላም። በ1929 ቤቱ ሆኖ የሣለው «ዋናው መንገድና የጎን መንገዶች» የተሰኘው ሥዕል ግን ኮሎኝ ሉድቪግ ሙዚየም ውስጥ ተሰቅሏል። ሸራው በመቶዎች በሚቆጠሩ ቀጫጭን የቀለም ቁራጮች ተተልሟል፤ አባይ ያጠጣው ማሳ ከላይ ሲታይ የሚመስለውን። መሐል ላይ ሰፊው መንገድ እየጠበበ ወደ ላይ፣ ወደ ሰማያዊው ውሃ ይወጣል። አንድም ፒራሚድ የለበትም።

መጨረሻው አላማረም። አባቱ ጀርመናዊ ስለነበሩ ዜግነቱ ጀርመናዊ ነበር። በ1933 ናዚዎች ከዱሰልዶርፍ አካዳሚ መምህርነቱ አባረሩት። በ1937 «የተበላሸ ጥበብ» ብለው ባዘጋጁት የማዋረጃ ዐውደ ርእይ ላይ አሥራ ሰባት ሥራዎቹን ሰቀሉ። «የተበላሸ» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ያደገባት በርን ተመልሶ ገባ፤ የስዊዘርላንድ ዜግነት ጠይቆ መልሱን ሳያገኝ በ1940 ሞተ።

በኛ ቤትስ? ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 ሐረር የተወለደ የቤተ ክህነት ሰው ልጅ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኮሎኝ ሄዶ ሥዕል ተምሮ ሲመለስ፣ አዲስ አበባ ላይ ያሳያቸው ረቂቅ ሥዕሎች ክርክር አስነሡ። የፈረንጅ ነው፣ የኛ አይደለም፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን የት ሄደ የሚል ነበር ትችቱ። አንዳንዱ ጥያቄ ቁም ነገር ነበረው፤ ለማን ትሥላለህ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ግን ክሌ ካይሩዋን ሄዶ ካሬ ይዞ ሲመለስ «ሊቅ» ከተባለ፣ የሐረሩ ልጅ ኮሎኝ ደርሶ ሲመለስ «ቀጂ» የሚባልበት ሚዛን የቱ ነው? የ1963ቱን «ጎልጎታ» ያየ ሰው ያንን ቀይ ከጀርመን ተገዝቶ የመጣ ነው ለማለት ይቸግረዋል። ጀርመን ያስተማረችው ሥዕል ማንንም ሳይመስል ሊቆም እንደሚችል ነው፤ ስቅለቱ አብሮት ያደገ ነው።

እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ ጉዞውን ከሌላው አቅጣጫ ጀመረው። በ1955 በነጻ ትምህርት ዕድል ለንደን ገባ፣ ከዚያ ፓሪስ ተሻግሮ ዓመታት ኖረ። ፓሪስ ውስጥ ያገኘው ፈረንሳይን ብቻ አይደለም። የምዕራብ አፍሪካን ቅርጻ ቅርጾች በቅርብ ያየው እዚያ ነው፤ ጥቁር ጸሐፊዎችንና አሳቢዎችን ያገኘው እዚያ ነው፤ የኩባዊውን የዊፍሬዶ ላምን ሥራ፣ የክሌንም ሥራ ያጠናው እዚያው ነው። ክሌ አፍሪካ መጥቶ የተረጎመውን፣ አፍሪካዊው ፓሪስ ላይ ከትርጉሙ እያነበበ ወደ ራሱ ቋንቋ መለሰው ማለት ነው። በ1964 የሠራው «የጁጁ ሠርግ» ኒው ዮርክ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ገብቷል። የእስክንድር ሌሊቶች፣ ከጥቁር ሰማያዊው ውስጥ እንደ ፍም የሚያበሩት ወፎቹና ዓይኖቹ፣ የለንደንም የፓሪስም አየር አይደሉም። በ1966 ተመልሶ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረው ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ የዚያ ዘመን ተማሪዎች ግን ዛሬም ድረስ ስሙን በአክብሮት ያነሡታል። ቀሪውን ዕድሜውን አሜሪካ አሳለፈ። ለረጅም ጊዜ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምሮ በ2003 ዋሽንግተን ላይ አረፈ። እዚያ ሆኖ ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ላይ ሲሠራ ቀለሙ ወደ አፈር፣ ወደ ብራና ዞረ። ከአገሩ እየራቀ ሲሄድ ነው አፈሩ የመጣው።

ገብረ ክርስቶስ በደርግ ዘመን አገሩን ጥሎ ወጣ። በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ ገና ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ጀርመን ውስጥ ተጠብቀው የቆዩ ሥዕሎቹ ወደ አገር ቤት ተመልሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ በተሰየመው ማዕከል ተሰቀሉ፤ ማዕከሉ የተከፈተው በ2008 ነው። ስድስት ኪሎ የምታልፉ ከሆነ ግቡና ቀዩን እዩት።